ሥራ ያልፈታ ድንጋይ

ሰኔ ሲዘንብ ነው፣ ዋልካው ሲታጠብ ነው፣
ከሥር የተኛውን ከላይ የማገኘው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቢቸና ወጥቼ በሱሃ ዳር ዳር፣
ቀለበት እንደጣለ አንገቴን ደፍቼ ትልም ስቆጥር፣
"ዛሬስ ምን ጠፋበት?" ይባባላል አገር።

ቀያሽ ነበርሁ ፊት፤ ገመድ ስዘረጋ፣ ካስማ ስተክል፣
ከትልሙ መሐል ጥቁር ነገር አየሁ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ስል።
የጠርሙስ ስባሪ ነው ብዬ ልጥለው ስል
አውራ ጣቴን ቆርጦኝ፣ ደሜ ጠብ ሲል ነው ባልጩት መሆኑን ያወቅሁ፤
መሬት መለካቱን ትቼ መሬት ማንበብ የጀመርሁ።

ሳጥኔ የሳሙና ነበር፤ ዛሬም ክዳኑ ይሸታል።
በውስጡ፣ በጥጥ ላይ፣ ሃምሳ ሦስት ድንጋይ ተኝቷል፤
ሃያው መፋቂያ ነው፣ ዘጠኙ ምላጭ ነው፣ አንዱ ቀዳዳ አለው፤
ሦስቱን አላውቃቸው።
በቀይ ቀለም ቁጥር፣ በወረቀት ደግሞ የባለ ማሳው ስም፦
"አሥራ ሰባት። ከአቶ ውብአንተ ሽምብራ፣ ከዋርካው በስተ ምዕራብ።
ክብደቱ ሁለት ሲኒ ስኳር አያህልም።"

"የመብረቅ ጥፍር ነው" ይላሉ ሽማግሎች፤ "ከሰማይ ተወርውሮ ሰባት ክንድ ሰምጦ
በሰባተኛው ዓመት ይመለሳል ደግሞ መሬቱን ፈልጦ።"
ቀልደኛው ደግሞ አለኝ፦ "ጋሽ ስንሻው፣ ድንጋይ ከሆነ የቸገረህ፣
ና ከኔ ማሳ ልቀም፤ ሰባት ጋሪ አለልህ።"

አምና በነሐሴ ዝናብ አሳድዶኝ ከወይዘሮ እንጉዳይ ደጅ ደረስሁ፤
ካፖርቴን ጨምቄ ከመደቡ አረፍሁ።
ከጓዳ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል።
ወፍጮ ትወቅራለች።
ጤፉንስ ለናፍጣው ሞተር ለቅቃለች፤
ጨውና ብቅሉን ግን ለማንም አታምንም፣ ራሷ ትፈጫለች።

መውቀሪያዋን አየሁት።
ጥቁር አረንጓዴ፣ ጫፉ የተሞረደ፣ ወገቡ የጠበበ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ሳጥን ከቶ ያልተሰበሰበ።

"ከየት አገኘሽው?"
"አላምረው ሲያርስ ወጣ፤ ማረሻው ተንጫርሮ በሬው ደነበረ።"
"ሁለት መቶ ብር ልስጥሽ።" ዝም አለች። ምላሴ ሦስት መቶ ጨመረ።
ሳቀች።
"ሥራ ያልፈታ ዕቃ ይሸጣል እንዴ?" አለች።

"እስቲ ልያዘው" አልሁ።
በቀኝ እጄ ያዝሁት፤ አልተመቸኝም፤ አዞርሁት፣ ገለበጥሁት፣
እንደ ሰው ጫማ ሆነብኝ፤ መለስሁት።
በግራዋ ተቀበለች።
አውራ ጣቷ ገባ ከድንጋዩ ጎን ካለች ጎድጓዳ፤
ሌሎቹም ከበቡት፣ ቤት እንደለመደ እንግዳ።

"ግራኝ ነኝ" አለችኝ። "እናቴ በመቀነት አስራኝ ነበር፣ ቀኝ ልታደርገኝ፤
አልሆነላትም። ይቺ ከኔ በፊት የያዘችውም ሴት ግራኝ ናት፣ ስታስበኝ።"
"ማን? አማትሽ?" አልሁ።
"ስሟን እኔ ምን አውቄ?
ድንጋዩ ነው የነገረኝ፤ አንተ ይህን ሁሉ ዘመን ስትለቅም
አልጠየቅኸውም?"
ጠቅ፣ ጠቅ።

ማታ ሳጥኔን ከፈትሁ። በቁጥር፣ በማሳ፣ በሚዛን ነበረ የማውቃቸው፤
በፋኖስ ብርሃን፣ አንድ ባንድ፣ በቀኝም በግራም ሞከርኋቸው።
አርባ አንደኛው፣ በቀኝ እምቢ ብሎ፣
በግራዬ ተኛ፣ ጣቴን ተከትሎ።
ማን እንደነበረች አላውቅም። ለማን እንደከረከመች፣ ምን እንደፋቀች፣
እናቷ እጇን አስራት ከሆነ፣ ወይ ትታት ከሆነ፣ አልነገረችኝም፤ ሄዳለች።

ነገር ግን ልጽፍ ስነሳ እርሳሴ ዶልዱሞ፣
ምላጭ የለኝ፣ ሱቁ ዘግቶ፣ መሽቶ፣ ጨልሞ፣
ከጥጡ ላይ አነሳሁ ያን የመጀመሪያውን፣ ጣቴን የቆረጠኝን፤
ቀረጽሁበት እርሳሴን።
ልጦቹ በወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ አሉ።
ከቁጥር አንድ ጎን፣ ከማሳው ስም በታች፣ ጻፍሁ፦
"ዛሬም ይቆርጣል።"